ረጅሙና አጭሩ የአየር ቧንቧ

ስለ ሞተር ሲነገር ቤንዚኑ ይወሳል እንጂ አየሩ ይዘነጋል። አየር ወደ ሲሊንደር የሚገባበት ቧንቧ ማኒፎልድ ይባላል። ቫልቩ በድንገት ሲዘጋ በሩጫ ላይ የነበረው አየር ይታመቃል፤ ግፊቱም እንደ ገደል ማሚቶ በቧንቧው ውስጥ ይመላለሳል። ቫልቩ ዳግመኛ ሲከፈት ከደረሰ፣ ትርፍ አየር ያስገባል። በረጅም ቧንቧ ማሚቶው ስለሚዘገይ ለዝግተኛ ዙር ይስማማል፤ አጭሩ ለፈጣን ዙር ነው።

በ1960 እ.ኤ.አ. የተሠራው ክራይስለር 300ኤፍ ይህን ያስረዳል። ባለ 76 ሴንቲ ሜትሩ ቧንቧ 375 የፈረስ ጉልበት ሲሰጥ፣ በ38 የተወሰነው 400 ሰጠ። ስለዚህ አጭሩ በለጠ የሚል ሰው ግን ይቸኩላል፤ የመጠምዘዝ ኃይሉ የሚበልጠው የረጅሙ ነው፤ ከፍተኛው ልክም በደቂቃ 2,800 ዙር ላይ ይገኛል፤ የአጭሩ በ3,600።

ያ መኪና ባለ ካርቡራተር ነበረ፤ ቤንዚኑ ከአየሩ ጋር ስለሚጓዝ የቧንቧውን ግድግዳ ያረጥባል። ኢንጄክተር በቫልቩ አጠገብ ሲረጭ ግን በቧንቧው የሚያልፈው አየር ብቻ ነውና፣ ሠሪው እንደ ልቡ ያስረዝመዋል።

ከሳንጃ ቆላ ወደ ጎንደር ለሚወጣ መኪናስ የትኛው ይሻላል? ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ጭነት የያዘ መኪናም ዳገቱን የሚወጣው በዝግታ ነው። እኔ ረጅሙን እመርጣለሁ። ሁለቱን ለሚሻ፣ ርዝመቱን በመዝጊያ የሚለውጥ ማኒፎልድ በዛሬዎቹ ሞተሮች ላይ ይገኛል።