ስልኩን ከመግዛትሽ በፊት

የእህቴ ልጅ፣ ዘንድሮ ሽንኩርቱ ጥሩ ዋጋ እንዳወጣልሽና ስልክ ልትገዢ እንዳሰብሽ እናትሽ ነግራኛለች። ገንዘቡ ያንቺ ነው፤ ጎሊና ሜዳ ላይ በዚያ ፀሐይ ጎንበስ ብለሽ ያመጣሽው ስለሆነ አትግዢ የሚልሽ የለም። ነገር ግን ማታ ማታ በቲክቶክና በቴሌግራም የምታዪው የአዲስ ስልክ ዜና የሚወራው መብራት ለማይጠፋበት፣ ኔትወርክ ለማይቆረጥበት፣ ስክሪኑ ቢሰበር በማግስቱ ለሚለወጥለት ሰው ነው። የቆቦ ሰው ያንኑ ዜና ሲሰማ የራሱን ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ መብራትና ኔትወርክ የጠፋ ዕለት ይህ ዕቃ ምን ይሠራልኛል? እዚህ ከተማ ራዲዮና ቴፕ፣ ኋላም ሞባይል ስጠግን ነው ያረጀሁት፤ የማውቀውን በተራ ላስቀምጥልሽ።

1. ካሜራውን ተዪውና ስለ ባትሪው ጠይቂ።

ሻጩ መጀመሪያ የሚነግርሽ ካሜራው ስንት ሜጋፒክስል እንደሆነ ነው። አንቺ ግን ባትሪው ስንት እንደሚይዝ፣ ሲደክም እዚህ ወይም ወልድያ የሚቀየርለት መሆኑን ጠይቂ። በስልክ ውስጥ ያለው የሊትየም ባትሪ ዋና ጠላቱ ሙቀት ነው። አፕል ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲያገለግሉ ነው የሚመክረው፤ ክረምቱ ሳይገባ ግንቦትና ሰኔ ላይ የቆቦን ቀትር አንቺ ታውቂዋለሽ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በቆመ መኪና መስታወት አጠገብ ወይም ማሳው ላይ በጠራራ ፀሐይ የተቀመጠ ስልክ በራሱ ከዚያ በላይ ይግላል። የጋለ ስልክ ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ መቶ በመቶ ሞልቶ በሙቀት ውስጥ ተሰክቶ ሲያድር ባትሪው ዕድሜውን ይጨርሳል። ስለዚህ በሌሊቱ ቅዝቃዜ ወይም ማለዳ ሙዪው፤ ሰማንያ አካባቢ ሲደርስ ብትነቅዪው መልካም ነው።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀዪ። ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ትንሽ ታግሠሽ ሰኪው። ተቃጥለው እጄ ከገቡት ቻርጀሮች ብዙዎቹ የተቃጠሉት በዚያች ሰዓት ነው። ቻርጀር ላይ ገንዘብ አትቆጥቢ፤ ኮፒው ርካሽ ነው፣ የሚያቃጥለው ስልክ ግን ውድ ነው።

ፓወር ባንክ ስትገዢ ደግሞ በላዩ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አትመኚው። 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚለው ውስጡ ያሉት ባትሪዎች በ3.7 ቮልት የሚይዙት ነው፤ በ5 ቮልት ሲወጣና በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 6,000 ገደማ ይቀራል። ባለ 5,000 ባትሪ ስልክ ሁለት ጊዜ ሊሞላልሽ አይችልም፤ አንድ ጊዜ ተኩል ከሞላልሽ ደህና ዕቃ ነው። 30,000 ተብሎ ተጽፎበት በእጅ ሲያዝ የሚቀል ከሆነ ጽሑፉ ሐሰት ነው፤ ባትሪ ክብደት አለው። ትክክለኛው ባለ 10,000 ብቻውን 200 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከተቻለሽ ከጣሪያሽ ላይ አነስተኛ ሶላር ስቀዪ። መብራት ሲጠፋ የጉድጓዱ ፓምፕም አብሮ እንደሚቆም ታውቂያለሽ፤ ቢያንስ ስልክሽ አይቁም።

2. ኔትወርክ የሌለ ዕለት የሚሠራ ነገር ይኑርሽ።

ይህን ለአንቺ መንገር አያስፈልግም ነበር፤ አይተሻል። ሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ጠፋ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ አዲስ አበባ ያለ ልጅ የእናቱን ድምፅ ሳይሰማ ወራት አለፉ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ውጊያው በእኛው አካባቢ እንደገና ጀመረ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በእነዚያ ጊዜያት ስልክ መደወያ ሳይሆን ማስቀመጫ ነበር፤ ያስቀመጠበት ሰው ተጠቀመበት፣ ያላስቀመጠው ባዶ ብርጭቆ ይዞ ተቀመጠ።

ስለዚህ ሜሞሪ ካርድ የሚቀበል ስልክ ምረጪ። የልደት ካርድሽን፣ የትምህርት ማስረጃሽን፣ የእናትሽን የመሬት ደብተር፣ የፋይዳ ቁጥርሽን ፎቶ አንስተሽ በካርዱ ላይም፣ ኢንተርኔት ሲኖር በኢሜይልሽ ላይም አስቀምጪ። በጦርነቱ ቤቱ የተዘረፈበት ሰው ወረቀቱን ለማስተካከል ስንት ቢሮ እንደዞረ በዓይንሽ አይተሻል። ዋና ዋና ስልክ ቁጥሮችን በደብተር ጻፊ፤ ባትሪ ሲያልቅ ቁጥሩም ይጠፋልና። ኤፍ ኤም ራዲዮ ያለው ስልክ ምረጪ። ቴክኖና አይቴል ብዙዎቹ አላቸው፣ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንቴና ይሆናቸዋል፤ በአይፎን ግን ያለ ኢንተርኔት ራዲዮ መስማት አትችዪም። ሁለት ሲም የሚይዝ ይሁን፤ አንዱ ኔትወርክ ሲደክም ሌላው ሊሠራ ይችላል።

መልእክት ስትልኪ ደግሞ ይህን እወቂ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በግዕዝ ፊደል ከሆነ የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ሁለት መልእክት ሆኖ ይቆጠራል። ወጣቱ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፈው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ አልወቅሳችሁም። ግን ለእናትሽ ስትጽፊ በአማርኛ ፊደል ጻፊላት፤ አጭር ይሁን እንጂ እንድታነበው ይሁን።

3. ከአሜሪካ የሚላክልሽን ስልክ ሳይላክ በፊት መርምሪ።

ዘመድሽ ዋሽንግተን ሆኖ «አይፎን ልላክልሽ» ሲል ደስ ይላል፣ ፍቅሩም እውነት ነው። ነገር ግን በአሜሪካ የሚሸጠው አይፎን ከ14ኛው ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ውስጡ በተሠራ ሲም ነው የሚያገለግለው። ቆቦ ደርሶ ሲከፈት ሲምሽን የምታስገቢበት አጥተሽ ማዘን ይመጣልና፣ ኔትወርክ ሰጪሽ እንዲህ ያለውን ሲም የሚያወጣልሽ በየትኛው ቢሮ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። ሌላም አለ፦ በወር በወር እየተከፈለበት የተገዛ ስልክ ብዙ ጊዜ በዚያ አገር ኩባንያ ኔትወርክ ላይ ይቆለፋል፤ ከፍሎ ሳይጨርስ ከላከልሽ እዚህ ምንም ሲም አይቀበልም። ዩዝድ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ካላጠፋው ስልኩ ድንጋይ ይሆናል። እንዲህ ዓይነት ተቆልፎ የመጣ ስልክ ይዘው ወደ እኔ የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ልከፍትላቸው አልቻልኩም፤ የሚከፍተው አካውንቱን የያዘው የቀድሞው ባለቤት ነው። ስለዚህ ለዘመድሽ «ክፍያው ያለቀ፣ የተከፈተ፣ አካውንቱ የጠፋ ይሁን» በዪው፤ አያፍርብሽም። አለዚያ ገንዘቡን ይላክልሽና እዚሁ ግዢ።

ከሱቅም ስትገዢ *#06# ብለሽ ምቺ። የሚወጣው ቁጥር በካርቶኑና በስልኩ ጀርባ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ትተሽው ውጪ። ደረሰኝ ተቀበዪ፤ የተሰረቀ ዕቃ መሆኑ ሲታወቅ የሚጠየቀው እጁ ላይ የተገኘበት ነውና።

4. የዘንድሮውን ሞዴል አትሩጪበት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የስልክ ዋጋም አብሮ ወጣ። አዲስ ሞዴል የወጣ ሰሞን መግዛት ማለት ያንን ሁሉ ልዩነት ከሽንኩርትሽ ላይ መክፈል ነው። ካለፈው ዓመት ሞዴል ጋር ሲነጻጸር የተለወጠው ብዙ ጊዜ ቀለሙና ካሜራው ነው።

እኔ ከዓለም ዜና የምከታተለው ሌላ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ ስልክ ሁሉ አንድ ዓይነት መሰኪያ፣ ማለትም ታይፕ ሲ፣ እንዲኖረው ግድ ሆኗል፤ ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ተጠቃሚው ራሱ ባትሪውን መቀየር እንዲችል የሚያስገድድ ሕግ አለ። ሳምሰንግ ኤስ 24 እና ጎግል ፒክስል 8 የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ተገብቶላቸዋል። እነዚህ ዜናዎች ለቆቦ ይበጃሉ፤ አንድ ቻርጀር ለቤተሰቡ ሁሉ ማለት ናቸው፣ አምስት ዓመት የሚቆይ ስልክ ማለት ናቸው። ቴክኖም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ የሚገጣጠም ነው፣ ለአማርኛም ቀድሞ ቦታ ሰጥቷል፤ የሚጠግነው ሰውና መለዋወጫው በየከተማው ይገኛል። ይህን የምለው ለማስታወቂያ አይደለም፤ ሲሰበር የት ትወስጂዋለሽ የሚለው ጥያቄ ከስሙ ስለሚበልጥብኝ ነው።

5. ገንዘብሽን ለማንም ድምፅ አትስጪ።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ነጋዴው ሁሉ ተጠራጥሮት ነበር፤ ዛሬ ሽንኩርት ጫኚው ነጋዴ ሒሳብሽን ማሳሽ ዳር ቆሞ ይልክልሻል። ጥሩ ነገር ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም *127# ብለሽ ትጠቀሚበታለሽ፤ እናትሽ በትንሿ ባለ ቁልፍ ስልኳ መጠቀም ትችላለችና አስተምሪያት።

ግን ደውሎ «ሽልማት ደርሶሻል» የሚል፣ «በስህተት ብር ልኬብሻለሁ፣ መልሺልኝ» የሚል፣ «የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው። ድምፁ ቁምነገረኛ ቢሆንም፣ ስምሽን ቢያውቅም፣ «ከባንክ ነኝ» ቢልም ሌባ ነው። የሚስጥር ቁጥርሽን ለእኔም አትንገሪኝ። ብር ተልኮልሻል ሲሉሽ መልእክቱን ማንበብ አይበቃም፤ መልእክቱን ራሱ አስመስለው ይጽፉታል። ቀሪ ሒሳብሽን ከፍተሽ እዪ፣ ጆንያው ከዚያ በኋላ ይጫን።

ያልሠራሽበት ገንዘብ ሒሳብሽ ውስጥ ቢገባም አትንኪው። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ሲሳሳት ብዙ ተማሪ ከሌለው ሒሳብ ገንዘብ አወጣ፤ ባንኩ እያንዳንዱን ስም መዝግቦ ይዞት ነበር፣ ያልመለሱትንም ከነፎቷቸው በአደባባይ ለጠፋቸው።

6. ለሰብልሽ መድኃኒት የማሽንን ቃል አትቀበዪ።

አሁን ሁሉም በስልኩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይጠይቃል። የአማርኛ ደብዳቤ ያስተካክልልሻል፣ እንግሊዝኛ ያስተምርሻል፤ ተጠቀሚበት። አማርኛው ግን ገና ነው፤ የማያውቀውንም እንደሚያውቅ አድርጎ ይናገራል። ለቲማቲም ስንት ሚሊ ሊትር ልርጭ ብለሽ ጠይቀሽው በሰጠሽ ቁጥር ብትረጪ ማሳሽ ይቃጠላል፣ አለዚያም ሲረጭ የዋለው ወንድምሽ ይታመማል። ለዚህ 8028 አለልሽ፤ በ2006 ዓ.ም. የተጀመረ የገበሬዎች ነፃ መስመር ነው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በማንኛውም ስልክ በአማርኛ ይሠራል። የቀበሌሽን የልማት ሠራተኛ ጠይቂ። ሲሪንቃ የምርምር ማዕከልም ከወልድያ ብዙም ሩቅ አይደለም፤ ለዚህ አገር ማሽላ የሠሩ ሰዎች ያሉበት ነው።

7. ወሬ ሳታረጋግጪ አታስተላልፊ።

እኛ ያለንበት ራያ ብዙ ያየ አገር ነው። አንድ የድሮ ፎቶ «ዛሬ ቆቦ» ተብሎ ሲለጠፍ የሚሰደድ ቤተሰብ አለ፤ ከዞብል ተራራ ማዶ ያለ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ይነሣል። ዛሬ ደግሞ ድምፅና ምስል አስመስሎ መሥራት ቀሏል። እዚያው ያለ የምታውቂውን ሰው ደውለሽ ጠይቂ፤ ካላገኘሽው ዝም በዪ። ሽማግሌዎች ደም ለማድረቅ ወራት ቁጭ ብለው ያስታረቁትን አንድ ሼር ያፈርሰዋል።

8. አሮጌውን ስልክሽን ለታናሽ ወንድምሽ ስትሰጪ እንዲህ አድርጊ።

መጀመሪያ ፎቶዎችሽን ወደ ሜሞሪ ካርድ አውጪ። ከቴሌብርና ከቴሌግራም አካውንትሽ ውጪና የጎግል አካውንትሽን ከስልኩ አጥፊ፤ ይህን ሳታደርጊ ብትደመስሺው ወንድምሽ ሲከፍተው ያንቺን የይለፍ ቃል ይጠይቀዋል። ከዚያ ስልኩን ሙሉ በሙሉ ደምስሺና ስጪው። ባትሪው አብጦ ጀርባውን ገፍቶት ከሆነ ግን ለልጅ አትስጪ፤ አትውጊው፣ አትጫኚው፣ እሳትም ውስጥ አትጣዪው፤ ይፈነዳል። አጥፍተሽ፣ በደረቅ አሸዋ በተሞላ ጣሳ ከቤት ውጪ አስቀምጪና አምጪልኝ፤ እኔ አወጣዋለሁ።