ስለ መንጠቆና ስለ ትል

ዓሣ በመንጠቆ ለመያዝ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የዓሣውን አፍ ማወቅ ይገባዋል። እኔ ይህን ሳላውቅ ከአንበሳሜ ወደ ጉማራ ወንዝ ወርጄ፥ ትልቅ መንጠቆ ጥዬ ስጠብቅ ውዬ ባዶ እጄን ተመለስሁ፤ ትሉን ግን ለቃቅመው በልተውልኝ ነበር።

ቀረሶ አፉ ትንሽ ነው። ዋና ምግቡም ደቃቃ የውሃ ዕፀዋት ስለ ሆነ ትልቅ ጉርሻ አይቀበልም። ስለዚህ ትንሽ መንጠቆ፥ ቀጭን የናይለን ክር፥ በክሩም ላይ የቡሽ ቁራጭ ያስፈልጋል፤ ቡሹ ሲጠልቅ ሸምበቆውን ቀስ አድርጎ ማንሳት ነው። ትል ከፍግ ሥር ወይም ከወንዝ ዳር እርጥብ አፈር ተቆፍሮ ይወጣል። እንዳይሞት ከነአፈሩ በጣሳ ይያዝ፤ ፀሐይም አይንካው። ግማሹ በመንጠቆው ተሰክቶ ግማሹ ሲንቀሳቀስ ዓሣውን ይጠራል፤ የሞተ ትል ግን ብዙ አይረባም። አምባዛ አፈ ሰፊ፥ ከሥር የሚሄድ፥ ሌሊትም የሚበላ ስለ ሆነ ወፍራም ክርና የእርሳስ ክብደት ይፈልጋል፤ ምግብ አይመርጥም።

የነጭ ዓሣ ነገር ሌላ ነው። በጣና 15 ያህል ዓይነት አለው፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም አይገኙም። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከነሐሴ እስከ መስከረም ዕንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ ይወጣሉ። ያን ጊዜ ብርብራ ወቅጠው ወንዙ ላይ የሚበትኑ አሉ፤ ትንሹም ትልቁም አብሮ ይሰክራል። በመንጠቆም ቢሆን ጉዳት አለ። አንድ ነሐሴ የያዝኋትን ዓሣ ሆዷን ስንሰነጥቅ ዕንቁላሉ እፍኝ ሞላ፤ ታናሽ እኅቴም «ይህ ሁሉ ዓሣ ይሆን ነበርን?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ በእነዚያ ወራት ሸምበቆዬን ከጣራው ሥር እሰቅላለሁ።