የክረምት ወፎችን ማስተዋል፦ ከፎገራ ሜዳ የሚገኝ ትምህርት

ቤተ ክርስቲያናችን በዘመነ ክረምት ውስጥ «ዕጓለ ቋዓት» ብላ የምትጠራው ወቅት አላት፤ ትርጓሜውም የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። እግዚአብሔር ለሚጮኹት ጫጩቶች ሳይቀር ምግባቸውን እንደሚያዘጋጅ በዚህ ወቅት ይታሰባል። ይህን በማኅሌት እያሰብን፣ በደጃችን የሚጮኹትን ጫጩቶች ግን ብዙ ጊዜ ሳናስተውላቸው እናልፋለን። ስለዚህ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የሚገኘውን የፎገራን ሜዳ ምሳሌ አድርገን፣ ከቤት ሳይርቁ የሚታዩ ሦስት የክረምት ወፎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ሸማኔ ወፍ ነው። ወንዱ እርጥብ ሣር እየሰነጠቀ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ መጥታ ትመረምረዋለች። ጎጆውን የሚወድለት ካጣ አፍርሶ እንደ ገና ይጀምራል። እህል ስለሚበላ ይጠላል፤ ነገር ግን ጫጩቶቹን ለመመገብ ትልና ሌሎች ነፍሳትን ከማሳው ይለቅማል።

ሁለተኛው በረጅሙ ሣር መካከል የሚኖር ትንሽ ወፍ ነው። ወንዱ በክረምት ቢጫና ጥቁር ይለብሳል፤ በበጋ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል። በበጋ የጠፋ ቢመስለንም መልኩን ለውጦ በዚያው አለ።

ሦስተኛው በራሱ ላይ ወርቃማ አክሊል ያለው፣ እግረ ረጅሙ ጥቁር ወፍ ነው። በረግረጉ ሣር ውስጥ መሬት ላይ ጎጆውን ይሠራል፤ ወንዱና ሴቷም እየተፈራረቁ አንድ ወር ያህል እንቁላላቸውን ይታቀፋሉ። ይህ ወፍ ዛሬ ለመጥፋት ከተጋለጡት አንዱ ነው፤ ረግረጉ እየደረቀና እየታረሰ መሄዱ ዋነኛ ምክንያት ነው።

ነገሩ ሰበካ ጉባኤን የሚመለከተው በዚህ ነው። ብዙ አጥቢያዎች የቅጽሩን ሣርና ዛፍ ሸጠው ለአገልግሎት ያውላሉ። ገቢው ይቅር አንልም፤ ጊዜው ግን ይታሰብበት። ኦሪት ዘዳግም (22፥6-7) የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከልጆቿ ጋር እንዳይወስድ ያዝዛል። መጠቀምን ሳይከለክል ለነገ የሚተርፈውን ይጠብቃል።

በመሆኑም የሚከተሉትን እናሳስባለን፦

1. ጎጆ ያለበት ዛፍ ጫጩቶቹ እስኪበሩ አይቆረጥ።
2. ሣሩ ሲታጨድ በውኃው ዳር ያለው ሳይነካ ይቆይ።
3. ልጆች ሰብል ሲጠብቁ ወፎችን ያባርሩ፤ እንቁላል እንዳይሰብሩ ግን ይመከሩ።
4. የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪዎች በየሳምንቱ ያዩትን ወፍ፣ ቀኑንና ቦታውን በደብተር ይመዝግቡ።

ለውይይት፦ በአጥቢያችን ቀድሞ በክረምት ይታይ የነበረ፣ አሁን ግን የማይታይ ወፍ የትኛው ነው? የሚያርፍበትስ ቦታ ምን ሆነ? አረጋውያንን ጠይቀን መልሱን በመዝገብ እናስፍር፤ የሣሩንና የዛፉን ሽያጭ የምንወስነውም ይህን አይተን ይሁን።