ሰመመንና የልብ ምት መዛባት

የሰመመን ሰጪ ባለሙያ ተግባር ሕመምተኛውን ማስተኛት ብቻ ይመስለን ይሆናል። ይሁን እንጂ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ ከዓይኑ የማይለየው የልብ ምትና የደም ግፊት ነው። የልቡ ምት ለተዛባ ሰው ደግሞ ይህ ክትትል የሕይወት ጉዳይ ነው። ለምን? ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለውን የምት መዛባት በምሳሌነት እንመልከት።

በጤነኛ ልብ የላይኞቹ ክፍሎች ቀድመው በመኮማተር ደምን ወደ ታችኞቹ ይገፋሉ። በኤትሪያል ፊብሪሌሽን ጊዜ ግን ይርገበገባሉ እንጂ በወጉ አይኮማተሩም፤ ምቱም ሥርዓት ያጣል። በአገራችን ለዚህ ከሚዳርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሪውማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህ ሕመም በግራ በኩል ባሉት የልብ ክፍሎች መካከል የሚገኘውን ሚትራል ቫልቭ ያጠብባል።

አሁን ቀላል ስሌት እንሥራ። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ አንዱ ዙር 1 ሰከንድ ይፈጃል፤ 0.3 ያህሉ ለመኮማተር፣ 0.7 ያህሉ በደም ለመሞላት ይውላል። ምቱ 120 ሲደርስ ዙሩ 0.5 ሰከንድ ብቻ ይሆናል። የመኮማተሪያው ጊዜ በጥቂቱ ብቻ ስለሚያጥር፣ ለመሞላት የሚተርፈው ከ0.3 ሰከንድ በታች ነው። በጠበበ ቫልቭ በኩል ለሚሞላ ልብ ይህ አይበቃም፤ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፣ ግፊትም ይወርዳል።

የመድኃኒት ምርጫም ከዚህ ይመነጫል። ኬታሚን አተነፋፈስን እምብዛም ስለማያዳክም መሣሪያ ባልተሟላባቸው ሆስፒታሎች ተመራጭ ነው፤ ነገር ግን የልብ ምትን ያፈጥናል። በጀርባ የሚሰጠው ማደንዘዣ በበኩሉ የደም ሥሮችን በማስፋት ግፊትን ይቀንሳል፤ ዋርፋሪንን የመሰለ ደም ማቅጠኛ በሚወስድ ሰው ላይም በኅብለ ሰረሰር አካባቢ ደም ሊያፈስ ይችላል። ስለሆነም በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ የሚባል ሰመመን የለም፤ ለዚህ ልብ የሚስማማና የማይስማማ እንጂ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ይደረጋል፤ በደም ውስጥ ያለው የፖታሲየምና የማግኒዚየም መጠን ይለካል። ምትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች አብዛኛውን ጊዜ አይቋረጡም፤ ዋርፋሪን ግን በሐኪም ውሳኔ 5 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ሊቆም ይችላል። በቀዶ ሕክምናው መካከል ምቱ ቢፈጥን ባለሙያው በቅድሚያ መንስኤውን ይፈልጋል፦ ሕመም ነው? የኦክሲጅን እጥረት ነው? ወይስ የደም መፍሰስ? የምቱ ፍጥነት ራሱ ግፊቱን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ካወረደው፣ ከልብ ምት ጋር የተቀናጀ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጣል።

እንግዲህ ሕመምተኛው «ልቤ ይመታብኛል» ብሎ አስቀድሞ የሚናገራት አንዲት ቃል የሰመመኑን ዕቅድ በሙሉ ልትለውጥ ትችላለች።