አንዲት «ር» የምትለየው

ጥያቄ፦ የምኖረው ሮም ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ «ሃይፐርቴንሽን» ተብዬ መድኃኒት ጀምሬአለሁ። እዚህ የተሰጠኝ ወረቀት ግን «ኢፖቴንስዮኔ» ይላል። አንድ ናቸው ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ተቃራኒ ናቸው። የሁለቱም የመጀመሪያ ክፍል ግሪክኛ ነው፤ «ሂፐር» ከልክ በላይ፣ «ሂፖ» ከልክ በታች። ጣሊያንኛ «ህ»ን ስለማያሰማ «ኢፐር» እና «ኢፖ» ይላቸዋል። በሩሲያኛ ደግሞ «ጊፐር» እና «ጊፖ» ናቸው፤ ሶቭየት ኅብረት የተማሩ ሐኪሞቻችን ያውቋቸዋል። የቃሉ አጀማመር በየአገሩ ቢለዋወጥም «ር» ካለችበት ከፍታን ያመለክታል። (የጉማሬው «ሂፖ» ዘመዳቸው አይደለም፤ እሱ በግሪክኛ ፈረስ ነው።)

ይሁንና ከቃሉ ይልቅ የደም ግፊትዎን ቁጥር ይጠይቁ። በሐኪም ቤት ሲለካ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ፣ ከ90/60 በታች ዝቅተኛ ይባላል። የግፊት መድኃኒት ሲበረታ ግፊቱን ከሚፈለገው በታች ሊያወርደው ስለሚችል ሁለቱም ወረቀቶች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ፣ መጠኑንም አይቀይሩ፤ ወረቀቶቹንና የመድኃኒቱን ካርቶን ይዘው ሐኪምዎን ያማክሩ። ከመቀመጫዎ ሲነሱ የሚያዞርዎት ከሆነ ዛሬውኑ ይሂዱ። ራስዎን ቢስቱ አጠገብዎ ያለ ሰው ወደ 112 ይደውል።