የወንድም ኩላሊት ለምን ይጠቃል?

በሀገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው መስከረም 2008 አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ እገዛ ነው። ኩላሊቱ የሚሰጠው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። በሸሪዓ በኩል፣ መቀመጫውን ጅዳ ያደረገው ዓለም አቀፍ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ለጋሹን የማይጎዳና ሽያጭ የሌለበት ከሆነ እንደሚፈቀድ በ1988 እ.ኤ.አ. ወስኗል።

ታዲያ ሰጪው የእናት ልጅ ከሆነ መድኃኒቱ ለምን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል? ሰውነታችን የራሱን ከባዕድ የሚለየው በሴሎች ላይ ባሉ፣ ኤችኤልኤ በሚባሉ መለያዎች ነው። በአንድ እናትና አባት ልጆች መካከል እነዚህ ሙሉ በሙሉ የመግጠማቸው ዕድል 25 በመቶ ብቻ ነው።

ቢገጥምም ነገሩ አያበቃም። ኩላሊቱ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ እስኪገባ ደም ይቋረጥበታል፤ ይጎዳል። በጉዳቱ ምክንያት ተደብቀው የነበሩ ፕሮቲኖች ይጋለጣሉ። እነዚህ በሁላችንም ዘንድ ያሉ ናቸው፤ የሰውነት መከላከያ ግን ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርትባቸው ይችላል። ስሙ "ፀረ እንግዳ" ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የሚነሳው በቤተኛው ላይ ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የበርሊን ተመራማሪዎች፣ በኤችኤልኤ ላይ የተነሳ ፀረ እንግዳ አካል ሳይኖርባቸው ኩላሊታቸው ክፉኛ የተጠቃ ሰዎችን መርምረው የደም ግፊትን በሚቆጣጠር ፕሮቲን ላይ ያነጣጠረ አግኝተዋል። በሳንባ ንቅለ ተከላ ደግሞ ኮላጅን 5 የሚባለው ፕሮቲን ይጠቃል።

እንደ ታክሮሊመስ ያሉ መድኃኒቶች መከላከያውን ያለዝባሉ፤ ይህን ራስን የማጥቃት ምላሽ ግን ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይገቱትም። መጠን ሲዘለል ደግሞ በሩ ይከፈታል።

የረመዳን ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ታክሮሊመስ በአብዛኛው በየ12 ሰዓቱ ይወሰዳል። ከሱሑር እስከ ኢፍጧር ግን ከ13 ሰዓት በላይ ነው፤ በጋምቤላ ሙቀት ላይ የውሃ ጥም ሲጨመርበት ኩላሊቱን ይጎዳል። ስለዚህ "አላህ ያግዘኛል" ብሎ ሰዓቱን በራስ መቀየር ትክክል አይመስለንም። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ ለታማሚ አቅልሏል፤ መዳኑ ተስፋ ለማይደረግ በሽተኛም ዑለማዎች በየቀኑ አንድ ሚስኪን የማብላት ፊድያን ይጠቅሳሉ። መጾም ይችል እንደሆነ የሚከታተለው ሐኪም ይወስን። ሐኪሙ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ጥያቄው በሻዕባን ክትትል ላይ ቢነሳ ይሻላል።

ወላሁ አዕለም።