በአነስተኛ ገንዘብ የጨዋታ ኮምፒዩተር ለሚገጥሙ ደንበኞች ዕቃ ስለ መምረጥ

ማናቸውም ነጋዴ የኮምፒዩተር ዕቃ ከማዘዙ አስቀድሞ የዕቃዎቹን መስማማት ሊመረምር ይገባዋል። ለምሳሌ፥ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ኤኤም4 የተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር መሰኪያ ያለበት ማዘርቦርድ የሚቀበለው ዲዲአር4 ራምን ብቻ ነው፤ በ2022 የወጣው ኤኤም5 ግን ዲዲአር5ን ብቻ ይቀበላል። የአንዱ ራምም ሆነ ፕሮሰሰር በሌላው ላይ አይገጥምም። ይህን ሳይለይ ያስመጣ ነጋዴ ገንዘቡ በመደርደሪያ ላይ ታስሮ ይቀርበታል።

ገንዘቡ የተወሰነ ደንበኛ አብዛኛውን ለግራፊክስ ካርድ ቢያውል ይሻለዋል፤ የጨዋታው ሥዕል ፍጥነት ይልቁንም በእርሱ ይወሰናልና። ሆኖም በፓወር ሰፕላይ ላይ ርካሽ መፈለግ አይገባም። በጀርባው 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ ካለው፥ የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ስለ ሆነ፥ ከመሸጡ በፊት በ230 ላይ መሆኑ ይረጋገጥ፤ በ115 ላይ ሳለ ቢሰካ ሊቃጠል ይችላልና።